አልፈታ ያለውን የማኒፎልድ ዳዶ በቧንቧ አትጫነው

ወንድሜ፣ «ጅማ ነኝ፤ ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሣ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ልቀይር ብዬ ስፈታ ከዳር ያለው ዳዶ እምቢ አለኝ፤ ጠርዙም መላጥ ጀምሯል፤ የቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ አስገብቼ ልጫነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ማኒፎልድ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው የብረት ቱቦ ነው፤ ጓርኒሲዮን በእርሱና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ዳዶ ደግሞ ብሎኑ ጫፍ ላይ ዞሮ የሚጠብቀው ማሰሪያ ነው።) ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ተጫነው ብለውሃል። እባክህ አትጫነው። እኔ እዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ዓይነት መኪና፣ በዚያው ከዳር ባለው ዳዶ ተቃጥያለሁ። እኔ ያጣሁትን ገንዘብና ጊዜ አንተም እንድታጣ አልፈልግም።

ድምፁ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ምርመራህ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ጓርኒሲዮኑ ጭስ እያሳለፈ ይሆናል። የዳሮቹ ብሎኖች ቀድመው የሚያስቸግሩትም በምክንያት ነው። ማኒፎልዱ በጋለ ቁጥር በቁመቱ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የዚህን ሁሉ ዓመት ጉተታ አብዝተው የሚሸከሙት የዳሮቹ ናቸው። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃና ጭቃ ከሥር ይረጭበታል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ መካከል አብጦ እንደ ሽብልቅ ይቀረቅራቸዋል። በጉልበት ስትታገለው የሚሸነፈው ዝገቱ ሳይሆን ቀጭኑ ብሎን ነው።

1ኛ. ቁልፍህን ተመልከት። ጠርዙ መላጥ ጀመረ ስትል የእኔ ታሪክ መጣብኝ። ቶዮታ ላይ በብዛት የምታገኛቸው ቁጥሮች 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ናቸው። በርካሽ በሚሸጡት ስብስቦች ውስጥ ግን በኢንች የተለካም ተቀላቅሎ ይገባል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ማለት 14.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ቁጥር ዳዶ ላይ ስታስገባው ልክ የሆነ ይመስልሃል። ዳዶውን የምትልጠው ያቺ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ናት። ቡሶላውም (ዳዶው ላይ የሚጠልቀው የቁልፉ ራስ) ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የሚይዘው በጠርዝ ብቻ ስለሆነ ለዛገ ዳዶ አይሆንም።

2ኛ. ጊዜ ስጠው። ደብሊው ዲ 40 ርጭበት ያሉህ አሉ። እርሱ መጀመሪያ የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማራቅ ነው፤ ለቀላል ዝገት ይረዳል፤ ለእንዲህ ያለው ግን ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ይሻላል። እርሱን ካጣህ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅል፤ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀምክ ቁጥር በጥብጠው። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ሲጋራም ሆነ ምድጃ አጠገቡ አይድረስ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥተህ አጥፋው፤ ለእጅ የማይፋጅ ሲሆን ቀባው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ማታም ጠዋትም እንዲህ አድርገህ ሦስት ቀን ቆይ። በመካከሉ ዳዶውን በትንሽ መዶሻ ፊት ለፊት መታ መታ አድርገው፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል።

እኔ እነዚህን ሦስት ቀናት አልሰጠሁም። 2011 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነበር። ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ መኪናዋ ትድረስልኝ ብዬ ጠርዙ የተላጠውን ዳዶ ይዤ አንድ ጋራዥ ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። መካኒኩ አየውና «ብረት ነው፣ ይታዘዛል» አለኝ። አንድ ሜትር የሚያህል የውኃ ቧንቧ እጀታው ላይ ሰካ፤ ከረዳቱ ጋር ሆነው ተጫኑት። እኔ ቆሜ አየሁ፤ አልከለከልኩም። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ቁልፉ በዝግታ መዞር ጀመረ፤ ረዳቱ «ተፈታ!» ብሎ ጮኸ። አልተፈታም ነበር። ያንን ስሜት አንድ ጊዜ በእጁ ያወቀ ሰው አይረሳውም። የሚፈታ ዳዶ ጠጥሮ ቆይቶ ቋ ብሎ ይላቀቃል። ሊሰበር ያለ ብሎን ግን ከእጅህ በታች እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ዳዶው የዞረ ይመስልሃል እንጂ የሚጠመዘዘው ብሎኑ ራሱ ነው። በለሰለሰበት ቅጽበት እጅህን ብታነሣ ገና ተስፋ አለው። እነርሱ ጨመሩበት። ቀጭ አለና ከቴስታታው (ማኒፎልዱ ከሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ጋር እኩል ተቆረጠ።

እስከዚህ እንኳን መመለሻ ነበረው። ያከሰረኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለውን፣ ወደ ግራ የተጠማዘዘውን ሹል ብረት አመጡ። በእጅ መሰርሰሪያ፣ መሃሉን እንኳን በሹል ብረት መትተው ነጥብ ሳያበጁለት፣ ስብራቱን በሱትና ማውጫውን ሰኩበት። ማውጫው እዚያው ውስጥ ተሰበረ። ወንድሜ፣ ይህን ነገር ልብ በል፤ ማውጫ እጅግ የጠነከረ ብረት ነው፤ ስለ ጠነከረም አይታጠፍም፣ ይሰበራል፤ ከተሰበረ በኋላም ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም። መሰርሰሪያው ከእርሱ ላይ እየተንሸራተተ አጠገቡ ያለውን ለስላሳ አልሙኒየም በላው። ክቡ ቀዳዳ እንቁላል መሰለ።

የጋራዡ ባለቤት ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ እንኳን ሳያየው «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር፤ አሮጌ መኪና ይዘህ መጥተህ እኛን ትከሳለህ?» አለኝ። የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ አስከፈለኝ፤ ደረሰኝ ብለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተሳሳትን ቢሉኝ ኖሮ ግማሹን ወጪ እኔ በደስታ እሸከም ነበር።

ቴስታታው መውረድ ነበረበት። (የአንተም እዚህ ከደረሰ፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላህ ፍታ፤ አለዚያ ይጣመማል።) በጆንያ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስታታ ጠይቄ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ወጣሁ። በመጨረሻ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ያለው ባለሙያ ስብርባሪውን አወጣልኝ፤ ቀዳዳውን አስፍቶም በጥቅል ሽቦ አዲስ ጥርስ አለበሰው። ጉዞው፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም ሲደመር 14 ሺህ ብር ወጣ። መኪናዋ 23 ቀን ቆመች። ለአንድ ዳዶ!

3ኛ. እሳትና ሰም። ይህን ያስተማሩኝ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ የሚሠሩ አዛውንት በያጅ ናቸው። ታሪኬን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ዳዶውን አሙቀው እንጂ ብሎኑን አታሙቀው» አሉኝ። ዳዶው ሲሞቅ ይሰፋል፤ ብሎኑ አብሮት ካልሞቀ ዝገቱ መሃል ላይ ስንጥቅ ያገኛል። ከዚያም ከማር ነጋዴ የተገዛ ሰም፣ እኛ ዘንድ የማይጠፋውን፣ በጋለው ዳዶ ሥር ያስነኩታል፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሶቹ ይሰርጋል። አሴቶን የቀባህበት ከሆነ ጠርገህ፣ በሚገባ አድርቀህ፣ እሳቱን በሌላ ቀን አድርገው። የቤንዚን መስመሩን አርቅ፤ አጠገብህ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይኑር። ነበልባሉ ትንሽ ይሁን፤ ከቴስታታው አዙረው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፤ እያየኸው ድንገት ይፈስሳል። ስለዚህ ዳዶው እስኪቀላ አትጠብቅ፤ ሰም የሚያቀልጥ ሙቀት ይበቃል። ሲበርድ ድገመው።

ከዚያ በኋላ በአጭር እጀታ፣ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ነካ አድርገው። ብዙ ሰው ይህን አያምንም፤ ግን ዝገቱ መጀመሪያ የሚሰበረው በዚያ ነው። ቀጥሎ ወደ መፍቻው ሩብ ዙር፣ መልሰህ ጥቂት ማጥበቅ፣ እንደገና ሩብ ዙር፣ በመካከሉ ዘይት። ባለፈው ዓመት የዚያኑ ማኒፎልድ የሌላኛውን ዳር ዳዶ እንዲህ አድርጌ በአራተኛው ምሽት በአንድ እጄ ፈታሁት። ከዚያ ወዲህ የሦስት ጎረቤቶቼን ፈትቻለሁ፤ አንድም አልሰበርኩም። ይህን በኩራት ነው የምናገረው፤ መካኒክ አይደለሁምና።

የአንተ ጠርዙ ስለ ተላጠ፣ ዳዶው 14 ቁጥር ከሆነ 13 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ መትተህ አስገባበት፤ ይነክሰዋል። እርሱም ካልያዘ ዳዶውን በመሮ ከጎኑ ሰንጥቀህ ጣለው፤ ዳዶ ርካሽ ነው፣ ብሎኑ ይትረፍ እንጂ። ብሎኑ ራሱ ከተሰበረ ደግሞ ማውጫ የሚባለውን በመኪናህ አታስነካ። በትርፍራፊው ላይ አዲስ ዳዶ የሚበይድ ጥሩ በያጅ ፈልግ፤ የብረቱ ብየዳ አልሙኒየሙን አይዝም፤ የብየዳው ሙቀትም ራሱ ያላቅቀዋል። ከመበየዱ በፊት የባትሪውንና የዲናሞውን ገመዶች ንቀል።

ስትገጥም አዲስ ዳዶ ግዛ፤ ጥርሱን ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ቀባው። የተቀባ ጥርስ በቀላሉ ስለሚጠብቅ ጉልበትህን ቀንስ። መጨረሻው በተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ግን ዘይት ወይም ውኃ አይቅር፤ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ውስጥ ውኃ በረዶ አይሆንም ብለህ ራዲያተሩን በቧንቧ ውኃ ብቻ የምትሞላ ከሆነ፣ የውኃ ፓምፑም ብሎኖች ነገ እንደዚሁ ያስለቅሱሃል። የራዲያተር ፈሳሽ በረዶ መሆንን ብቻ ሳይሆን ዝገትንም ይከላከላል።

ዛሬ ማታ ሞተሩን አሙቀህ የመጀመሪያውን ዘይት ቀባ። በአራተኛው ቀን ቁልፉ ሲዞር ከእጅህ በታች ጠጥሮ ይሁን ለስልሶ፣ ከመቀጠልህ በፊት እዚህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።