የፍሬን ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ካሊፐሩን ፍቱ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በሞተር ሳይክል እንጀራችሁን ለምትበሉ ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ለምትወጡ የግብርና ባለሙያዎች፣ ከቢቸና ሞጣ ለምትመላለሱ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ዕቃ ለምታደርሱ። በየጋራዡ ቁልፍ ማቀበል ለጀመራችሁትም ነው። ሙያው አሳድጎኛል፤ የማውቀውን ይዤ ዝም ማለት አልፈልግም።

የማወራችሁ የኋላ ዲስክ ፍሬን ስላላቸው ሞተሮች ነው። ካሊፐር የምለው ሁለቱን ሸራዎች ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል ነው። ቦክሰር የያዛችሁ የኋላው ታምቡር ስለሆነ የእሱ ነገር ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ልጁ ይመጣና «ጋሼ፣ የኋላ ሸራ አልቆብኛል፣ ይቀይሩልኝ» ይለኛል። ሸራው ከተቀየረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ፈትቼ ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። በፒስተኑ በኩል ያለው አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ ዲስኩንም ቧጭሮታል። የውጭው ግን ግማሹ እንኳ አላለቀም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የሸራው አይደለም። አዲስ ብታስገቡም በዚያው መንገድ ያልቃል፣ ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙዎቹ ሞተሮቻችን የኋላ ካሊፐር ፒስተኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ያስጠጋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ስቦ ያመጣል። ፒኖቹ ከደረቁ ወይም ከዛጉ ካሊፐሩ አይንቀሳቀስም። የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል። እግራችሁን ስታነሱም ፍሬኑ በደንብ አይለቅም፤ ሸራው ዲስኩን እየነካ ይሞቃል፣ ሞተሩም ይከብዳል፣ ቤንዚንም ይበላል።

የእኛ አገር ክረምት ለዚህ ክፍል ጠላቱ ነው። ዋልካውን የኋላ ጎማ እያነሳ ካሊፐሩ ላይ ይለጥፈዋል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ እዚያው ይደርቃል። ወንዝ ወርዳችሁ ከላይ ብታጥቡት ፒኖቹ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ ፍቱት። የሚፈታው ብዙ ነገር አይደለም። ካሊፐሩን ስታወርዱ ግን በቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት።

ፒኖቹን አውጡና በጨርቅ ጥረጉ። ዝገት የበላው ፒን ይቀየር። ፒኑን የሚሸፍነው ጎማ የተቀደደ ከሆነም ይቀየር፣ ውሃ የሚገባው በእሱ በኩል ነውና። ተራ ግራሶ አትቀቡ። ግራሶም ቤንዚንም የካሊፐሩን ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑንም ፒስተኑንም ያስይዛል። በየጋራዡ ካሊፐር በቤንዚን ሲታጠብ ሳይ ያመኛል። የፒስተኑን ዙሪያ በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ለፒኑ ሙቀት የሚችል፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ግዙ። ትንሽ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ትቆያለች።

ፒስተኑን ወደ ውስጥ የምትገፉት ከታጠበ በኋላ ነው። ፒስተኑን አቅፎ የሚይዝ ጎሚኒ አለ። ፍሬን ስትለቁ ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ የሚመልሰው እሱ ነው። ጭቃውን ይዛችሁ ከገፋችሁት ጎሚኒው ይቆረጣል፣ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ሸራው ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን እንዳትረግጡ፣ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስትገፉም የዘይት ማጠራቀሚያውን እያያችሁ ይሁን፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ያነሳል። ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ ለመሙላት አትቸኩሉ። ሸራ ሲሳሳ ዘይቱ በራሱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሸራውን እዩ።

ስንት ሲቀር ይቀየር? የብዙ ሞተሮች መመሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። የእኔ ምክር 2 ሚሊ ሲቀረው ቀይሩት ነው። ጮቄ ላይ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አታገኙም።

እግራችሁንም ተመልከቱ። በክረምት ቦቲ ስታደርጉ ጫማው ከብዶ ፔዳሉ ላይ ያርፋል፣ እናንተ ግን አይታወቃችሁም። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ ትነዳላችሁ ማለት ነው።

አሁን ስለ ዓባይ በረሃ ልንገራችሁ፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። አንዳንድ ልጆች ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው በፎሌ ይለቁታል፣ የኋላ ፍሬኑንም ረግጠው ይዘው ይወርዳሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። እርጥበት ሲገባው ግን መፍያው ወደ 155 ይወርዳል። የተያዘ ካሊፐርና ያረጀ ዘይት ይዛችሁ ከወረዳችሁ ዘይቱ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። ያን ጊዜ የቀራችሁ የፊቱ ፍሬንና ማርሹ ነው። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ጀምሩት፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ።

ጋራዥ ለምትሠሩት ደግሞ፤ ደንበኛው «ሸራ ብቻ ቀይርልኝ» ቢላችሁም የወጡትን ሁለቱን ሸራዎች እጁ ላይ አስቀምጡለት። አንዱ አልቆ አንዱ እንዳለ ሲያይ የካሊፐሩን እጥበት ራሱ ይጠይቃል።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ከዚያ ሞተሩን በቋሚው ላይ አቁሙ፣ ፍሬኑን ያዙና ልቀቁ፣ የኋላ ጎማውንም በእጃችሁ አዙሩት። በቀላሉ ካልዞረ እንደገና ፍቱት፣ ደንበኛው ቢቸኩልም።