ጎመን፣ ቫይታሚን ኬ እና ያረጠች ሴት አጥንት፦ ጥያቄና መልስ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የዕድራችን እናቶች ስለ አጥንት መሳሳት የጠየቁኝ ነው። ፋርማሲስት ነኝ።

ልጄ ከውጭ ኬ2 የሚባል ቫይታሚን ላከችልኝ። ልዋጠው?

እትዬ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እንዳይነኩት። ካልሆነ ብዙም አይጎዳዎትም፤ ጥቅሙ ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል አይደለም። ካናዳ ውስጥ ያረጡ ሴቶች ጎመን ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ኬ ዓይነት፣ ኬ1ን፣ በቀን 5 ሚሊ ግራም ለዓመታት ወስደው የአጥንታቸው መሳሳት አልቆመም፤ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። ጃፓን ለሕክምና የምትሰጠው የኬ2 ዓይነት ደግሞ በቀን 45 ሚሊ ግራም ነው። ለሴት በቀን ከሚመከረው 90 ማይክሮ ግራም 500 እጥፍ መሆኑ ነው። ያ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም።

ታዲያ ኬ ለአጥንት ምን ይሠራል?

አጥንት ውስጥ ኦስቲዮካልሲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ካልሲየም የሚይዘው ኬ ሲያነቃው ነው።

ጎመን ይበቃል?

እንዴታ! ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ጎመን ከቀን የቫይታሚን ኬ ፍላጎትዎ ያልፋል። ዘይት ግን ጠብ ይበልበት፤ ያለ ቅባት ቫይታሚኑ በደንብ አይመጠጥም።

የእኛ ጎመን እኮ ፍሳሽ የሚገባበትን የአቃቂን ወንዝ ጠጥቶ ነው የሚያድገው!

ስጋትዎ ልክ ነው። ማጠብ አፈርና ጀርም ያነሳል፤ ሥሩ ከፍሳሹ የሳበውን ከባድ ብረት ግን አያወጣም። ከየት እንደመጣ ጠይቀው ይግዙ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አይሁን።

የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ጎመን እርም ነው?

እርም አይደለም። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን ተቃውሞ ስለሆነ፣ የሚያጣላቸው የሚበሉት የጎመን መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከወትሮው በላይ ጎመን በጎመን ይሆናሉ፤ መድኃኒቱ ይደክምና ደም ሊረጋ ይችላል። ፋሲካ ላይ ደግሞ ጎመኑ ጠፍቶ ዶሮና ሥጋ ይተካል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ያይላል። ድድ ይደማል፣ ሽንት ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የአይ ኤን አር ምርመራም ጾሙ ከገባ በኋላና ከፍስኩ በኋላ ይደገም። በሳምንት የሚበሉትም መጠን ተቀራራቢ ይሁን። የመድኃኒቱን መጠን በራስዎ እንዳይቀንሱ፣ አደራ!

እኔ ባለፈው ደረጃ ላይ ወድቄ እጄ ተሰበረ። ጎመን ልጨምር?

እማማ፣ እርስዎን ጎመን አያድንዎትም። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ይሳሳል። ከቁመት ባልበለጠ መውደቅ የእጅ አንጓ ከተሰበረ፣ ቀጥሎ ዳሌ እንዳይሆን ያሰጋል። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስጽፉ። ካልሲየም በቀን 1200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ ወተትና አይብ፣ በጾም ደግሞ ጤፍና ሰሊጥ ይረዳሉ። ሐኪሙ አሌንድሮኔት የሚባለውን የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ካዘዘልዎት፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ 30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለም፤ ቡናውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው።