አሸዋው ለምን ያጓራል?

ጥያቄ፦ እህቴ ኦማን ነው የምትሠራው። በቴሌግራም በላከችልኝ ቪዲዮ ላይ ሰዎች ከአሸዋ ኮረብታ ቁልቁል ሲንሸራተቱ አሸዋው እንደ አውሮፕላን ያጓራል። እማዬ ሰምታ «ጋኔን ነው» ብላ አማተበች። እኛ ሰፈር ሲኖትራክ አሸዋ ሲገለብጥ ግን ሿ ከማለት በቀር ምንም የለም። ልዩነቱ ምንድን ነው? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ እንዲህ የሚያጓራ አሸዋ በእርግጥ አለ፤ ኦማን ውስጥም፣ ሞሮኮም፣ ቺሊም። እናትሽም ብቻቸውን አይደሉም፣ ማርኮ ፖሎም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የበረሃውን ድምፅ የመናፍስት ነው ብሎታል።

አሸዋ ሲናድ እያንዳንዱ ቅንጣት ከሥሩ ባለው ላይ እየዘለለ፣ እየተጋጨ ይወርዳል። ሁሉም በየፊናው ከተጋጨ የምትሰሚው ያንኑ ሿታ ነው። ሰርግ ላይ ሰው እንደመጣለት ሲያጨበጭብና ሁሉም በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ያለውን ልዩነት ታውቂዋለሽ አይደል? የሚያጓራው አሸዋ ሁለተኛው ነው። ቁጥር ስፍር የሌለው ቅንጣት በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሚንሸራተተው ገጽም አብሮ እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋዋል፤ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊያልፍ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆም ሊሰማ ይችላል።

በጣም የሚገርመኝ የቅንጣቱ መጠን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ላይ የሞሮኮው አሸዋ፣ ቅንጣቱ 0.16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ 105 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 105 ጊዜ እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። የኦማኑ ግን ከ0.15 እስከ 0.31 ሚሊ ሜትር የተደባለቀ ስለሆነ ከ90 እስከ 150 ሄርዝ ያሉ ድምፆችን በአንድ ላይ ያወጣል። ነፍተው ተቀራራቢ መጠን ያላቸውን ብቻ ሲያስቀሩ እሱም አንድ ድምፅ ሆነ፣ 90 ሄርዝ አካባቢ! ከላይ ያለው የደረቅ አሸዋ ውፍረት ነው ድምፁን የሚወስነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

የእኛስ? የግንባታ አሸዋችን ከወንዝ የሚወጣ ነው። ደቃቁና ጠጠሩ አንድ ላይ ነው፣ ጠርዙ ሹል ነው፣ ጭቃም እርጥበትም አለው። የሚያጓራው ግን ነፋስ ሲያንከባልለው የኖረ ድቡልቡል፣ መጠኑ የተቀራረበ፣ ደግሞም ደረቅ ነው። እርጥበት ከገባው እሱም ዝም ይላል።

ቪዲዮውን ደግሞ በኢርፎን ስሚው። የስልክ ስፒከር እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ማውጣት ይከብደዋል፣ ብዙው ይቀርብሻል።