ከቪየና ሮም፦ በሌሊቱ ባቡር ወይስ በቀኑ?

እህቴ፣ «ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ከቪየና ሮም ልንሄድ ነው፤ የሌሊቱ ባቡር ይሻላል ወይስ የቀኑ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙዎች «የሌሊቱን ያዙ፣ የሆቴል ብር ይተርፋችኋል» ብለውሻል። እኔ በሁለቱም ስለተጓዝኩ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አልጋ ነው ወይስ መቀመጫ የምትይዙት? ናይትጄት የሚባለው የኦስትሪያ የሌሊት ባቡር ተራ መቀመጫ አለው፤ ኩሼት የሚሉት ተደራራቢ አልጋ አለው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው የሚይዝ የመኝታ ክፍልም አለው። ርካሹ መቀመጫው ነው። ልጆችና እናት ይዛችሁ ግን እንዳትሞክሩት። ሰው ሲወጣ ሲገባ ያድራል፣ አንገት ይደርቃል። ጠዋት ሮም ስትደርሱ የምትፈልጉት አልጋ ብቻ ነው። የቆጠባችሁት ብር ምን ሊጠቅማችሁ?

ኩሼት ከያዛችሁ ሙሉውን ክፍል ለቤተሰብ ውሰዱት። ባዕድ ሰው አይገባባችሁም፣ በሩንም ከውስጥ ትቆልፋላችሁ። ለእናትሽ የታችኛው አልጋ የግድ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በጠባብ መሰላል ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን በፉርጎው ጫፍ ነው፤ ባቡሩ እየተወዛወዘ በኮሪደሩ መሄድ አለ። ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሌሊት ላይ ባቡሩ ቆሞ ፉርጎዎች ሲለያዩና ሲያያዙ ንቅንቅ የሚያደርግ ነገር አለ። ልጆች አይሰሙትም፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን ይነቃል።

የቀኑ ጉዞ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ግን ዓይን ይጠግባል። ከቪየና ብዙም ሳትርቁ ሰመሪንግ የሚባለውን ተራራ ትወጣላችሁ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1854 ያለቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ባቡሩ ዝግ ብሎ እየተጠማዘዘ ሲወጣ በድንጋይ ድልድዮቹ ላይ ታልፋላችሁ፤ ልጆቹን መስኮት አጠገብ አስቀምጫቸው። ከዚያ ቬኒስ ላይ ወርዳችሁ ወደ ሮም የሚሄድ ፈጣን ባቡር ትቀይራላችሁ፣ እሱ ወደ አራት ሰዓት ይወስዳል። ችግሩ መቀያየሩ ነው። የመጀመሪያው ከዘገየና ትኬቶቻችሁ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ሁለተኛው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ቬኒስ ወይም አጠገቧ ያለችው ሜስትሬ አንድ ሌሊት እደሩ። ሜስትሬ ይረክሳል።

እኔ ብሆን ስሄድ በቀን፣ ስመለስ በሌሊት አደርገዋለሁ። ስትሄዱ ሁሉም ጉጉ ነው፣ መንገዱንም ማየት ይፈልጋል። ስትመለሱ ግን ያልተኛ ሰው ቢኖር እንኳ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። ስትሄዱ በሌሊቱ ከሆነ ግን ጠዋት ሮም ላይ ሻንጣ እየጎተቱ የሆቴል ክፍል እስኪከፈት መጠበቅ አለ፤ እሱ ለእናትሽ ከባድ ነው።

ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ዋናውን ያዙ፣ ቅጂ አይበቃም። ሁለቱም አገሮች ሼንገን ውስጥ (ድንበር ላይ መደበኛ ፍተሻ በሌለባቸው አገሮች ውስጥ) ቢሆኑም ፖሊስ ድንበር ላይ በእንቅልፍ ሰዓትም ሊጠይቅ ይችላል። ለእራትም የራሳችሁን ምግብ ቋጥሩ። የኩሼቱ ቁርስ ዳቦ ከቅቤና ከማርማላታ ጋር ነው፤ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ለእሳቸው ለብቻ ያዢላቸው።

አልጋው በአውሮፓ በጋና በገና ሰሞን ቶሎ ያልቃል። የምትሄዱበትን ወርና የልጆቹን ዕድሜ ጻፊልኝ፣ የትኛው ክፍል እንደሚበቃችሁ አብረን እናያለን።