ከሕመሙ በፊት የሚፈረም ወረቀት
የአንባቢያን የሕግ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ጀምሯታል ብሏል፤ አሁን ግን ሰውም ነገርም ትለያለች። ገንዘቧንና ቤቷን የማስተዳድርላት እኔ ነኝ። ሙሉ ውክልና ብትሰጠኝ ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደተለመደው ተጽፎ ከሆነ አይበቃም። «ሙሉ ውክልና» የሚለው አጠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚሸፍነው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ይህንና የመሳሰለውን። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ በክርክር መታረቅ፣ ከስሶ ወይም ተከሶ መከራከር በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሚፈለገው ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፍ። የባንኩ ስምና የሒሳቡ ቁጥር፣ የቤቱ ካርታ ቁጥር፣ ከሐኪሞች ጋር መነጋገር፣ የሕክምና ማስረጃ መውሰድ፣ ለቀዶ ሕክምና መፈረም፤ አንዱም አይቅር።

ከዚህ የከፋው አንቀጽ 2232 ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ (ውክልናውን የሰጠው ሰው፣ እዚህ እናትዎ) በሕግ ፊት የመወሰን ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። ወረቀቱን ያወጣችሁት ለዚያ ቀን ሆኖ ሳለ በዚያው ቀን ይፈርሳል ማለት ነው። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስላለ ግን በሩ አልተዘጋም፦ «በሕመም ምክንያት ችሎታዬን ባጣም ይህ ውክልና አይቋረጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። በተዘጋጀው ቅጽ ላይ ብቻ ፈርማችሁ ከመጣችሁ ይህ መስመር ላይኖር ይችላል፤ ደብዳቤ ጸሐፊውም አያስታውሳችሁም።

ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ሠራተኛው እናትዎን ራሳቸውን ይጠይቃል። ምን እንደሚፈርሙ ካልገባቸው አይመዘግበውም፣ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሰውነታቸውም አእምሯቸውም ረጋ በሚልበት ሰዓት፣ ለብዙዎች በጠዋት፣ ውሰዷቸው፤ ስለ ችሎታቸው በቅርብ ቀን የተሰጠ የሐኪም ማስረጃም ያዙ። ኋላ ወንድም እህት «ሳታውቅ አስፈረሟት» ብሎ ሲከስ የሚመልሰው ይኸው ማስረጃ ነው። ጊዜው ካለፈ የሚቀረው ፍርድ ቤት አቤት ብሎ የመከልከል ፍርድ (ሰውየው በራሱ ሕጋዊ ሥራ እንዳይሠራ የሚያግድ ውሳኔ) ማሰጠትና ሞግዚት ማስሾም ነው፤ ረጅም መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዞኝ ሁለተኛ ወር ሆነኝ፤ ግማሽ ደመወዝ ብቻ ተከፈለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ሕመሙ ከሥራው ያልመጣ ከሆነ ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ (12,000)፣ ቀጣዮቹ 2 ወሮች ግማሽ (6,000)፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ያለ ክፍያ።

የጥጥ ብናኝ ግን ሳንባን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ስሌቱ ይለወጣል፤ እስከ 12 ወር ይከፈላል፦ 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር 75 በመቶ (9,000)፣ የቀሩት 6 ወሮች ከ50 በመቶ ሳያንስ። ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው ማስረጃው ላይ «የሳንባ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ እንደ ተራ ሕመም ይመዘግበዋል። ለሐኪሙ የት ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ብናኝ ውስጥ እንደሠሩ ይንገሩት፤ ሰኞ ዕለት ወይም ከዕረፍት ሲመለሱ የሚብስ ከሆነም አይዝለሉት። መንስኤው በማስረጃው ላይ ይጻፍ።

መቅረትዎን በማግስቱ ያሳውቁ፤ በቅጂው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። የቀረ ደመወዝ መጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ነው፤ ከሥራ ቢያሰናብቱዎትና ልመለስ ካሉ ደግሞ 3 ወር ብቻ።

ጥያቄ፦ አባቴ «በመሣሪያ አታቆዩኝ» ይላል። ኑዛዜው ላይ ይጻፍ?

መልስ፦ ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ስለሆነ እዚያ የተጻፈ የሕክምና ፍላጎት ሐኪሙ ጋ በጊዜው አይደርስም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለዚህ ግን የተለየ ቅጽ አላስቀመጠም። በተለየ ወረቀት፣ የትኛውን ሕክምና በምን ሁኔታ እንደማይፈልጉ ዘርዝረው፣ ቀንና ፊርማ አኑረው፣ ምስክሮች አስፈርመው አንዱን ቅጂ ከሕክምና ካርዳቸው ጋር እንዲያያዝ ይስጡ፤ ሌላውን ለልጆቻቸው፣ በተለይ ለማይስማማው ልጅ።