ጎሹ ለሐራጅ ከመውጣቱ በፊት

ይድረስ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች የዱር እንስሳት ክበብ ለምትመሩ፣ እንዲሁም በአስጎብኚነትና በጥበቃ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች።

የክበብ ገንዘብ ማሰባሰብ በተነሳ ቁጥር የአደን ሐራጅ ሐሳብ በመካከላችሁ ደጋግሞ ይነሳል። በአሜሪካ ያሉ የአዳኞች ማኅበራት ለብዙ ዓመታት የሠሩበት መንገድ ነው። አንድ የአደን ድርጅት የጎሽ አደን ጉዞ በስጦታ ይሰጣል፤ ማኅበሩ በእራት ግብዣ ላይ ለሐራጅ ያቀርበዋል፤ የተገኘው ገንዘብ ለተማሪዎችና ለመምህራን የዱር እንስሳት ትምህርት ይውላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ዳላስ ላይ በናሚቢያ አንድ ጥቁር አውራሪስ የማደን ፈቃድ በ350,000 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ተነጋግሮበታል፤ ብዙዎችም ተቆጥተውበታል። ቁጣው ወደ እናንተም ሊመጣ ይችላል። ኬንያ አደንን እ.ኤ.አ. በ1977 ከልክላ እስካሁን አልፈቀደችም። ቦትስዋና በ2014 አቁማ በ2019 መልሳ ፈቅዳለች። አገሮች ያልተስማሙበትን ጉዳይ እናንተ በአንድ ስብሰባ አትቋጩትም። እኔ በሥርዓት የተመራ አደን ጥበቃን ሊረዳ ይችላል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሆኖም ከክበቡ አባላት የሚቃወም ካለ ይናገር፣ ቃሉም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ተማሪ የሚማርበትን ገንዘብ ምንጭ ማወቅ አለበት።

አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከአደኑ በኋላ ነው፤ መነሻው ግን ከሐራጁ በፊት ሳይጻፍ የቀረ ነገር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የምትሸጡትን በትክክል እወቁ። ገዢው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 የአደን ቀን፣ አንድ ፈቃድ ያለው መሪ አዳኝ፣ ዱካ ፈላጊዎች፣ ማደሪያና ምግብ ነው። የጎሹ የትሮፊ ክፍያ፣ ማለትም እንስሳው ሲገደል ለብቻው የሚከፈለው ገንዘብ፣ በስጦታው ውስጥ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። የመንግሥት ቀረጥ፣ እስከ አደኑ ቦታ የሚወስደው አነስተኛ አውሮፕላን፣ የጠመንጃ ማስገቢያ ፈቃድ፣ ለዱካ ፈላጊዎችና ለምግብ አብሳዮች የሚሰጠው ጉርሻ፣ የቆዳና የራስ ቅል ዝግጅት፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በገዢው ላይ ናቸው። እነዚህ ተደምረው ለሐራጁ ከከፈለው ሊበልጡ ይችላሉ። በእራቱ ምሽት ደስ ብሎት እጁን ያወጣ ሰው ከወር በኋላ ሒሳቡ ሲደርሰው ተታለልኩ ይላል፤ የሚወቅሰውም አደን ድርጅቱን ሳይሆን እናንተን ነው።

ከስጦታ ሰጪው ጋር የምትፈራረሙት ወረቀት ከሁለት ገጽ ባይበልጥም እነዚህን ይያዝ፦ ስጦታው ሙሉ ነው ወይስ ከሽያጩ የተወሰነው ለድርጅቱ ይመለሳል? ኮታው፣ ማለትም በዓመት እንዲታደን የተፈቀደው ቁጥር፣ ለየትኛው ዓመትና ለየትኛው የአደን ቀበሌ (ለአደን የተከለለ ቦታ) ነው? ጉዞው እስከ መቼ ይጸናል፣ ለሌላ ሰውስ ይተላለፋል? ጎሽ ካልተገኘ ምን ይሆናል? ጎሹ ቆስሎ ካመለጠስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም በእራት ጠረጴዛ ላይ ማንሳት አይወድም። በአፍሪካ የአደን ልማድ ደም የፈሰሰው እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ክፍያው ይከፈላል፣ አደኑም ያበቃል። ይህ ሐራጁ ሲጀመር በግልጽ ይነበብ። ኮታን በተመለከተ የድርጅቱን ቃል አትመኑ፤ ፈቃድ ከሚሰጠው የመንግሥት አካል የዓመቱን ማረጋገጫ ጠይቁ። አደኑ በእኛ አገር ከሆነ የምትመለከቱት የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ንና ማስፈጸሚያውን ደንብ ቁጥር 163/2000ን ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይታደንም። በካርታ ላይ የአደን ቀበሌውና የፓርኩ ወሰን ጎን ለጎን ሲሆኑ ቦታውን በስም ብቻ ሳይሆን በወሰን ምልክቶቹ አጻፉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምቆምበት ነገር ልግባ፦ የትኛው ጎሽ?

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአፍሪካን ጎሽ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአደጋ በተቃረቡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሴቷ ወደ 11 ወር ገደማ አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች፤ በሁለት ዓመት አንዴ ከወለደች ጥሩ ነው። ስለዚህ መንጋው የሚያጣውን ቶሎ አይተካም። ሴትም ወንድም ቀንድ አላቸው፤ በችኮላ ሴት የሚመታውም ለዚህ ነው። «ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች» የሚለው ተረት የቆየ እውቀት አለበት፤ ጥጃ ያላት ጎሽ ከመሸሽ ይልቅ ትጋፈጣለች። ወንዱን የሚለየው የግንባሩ ጋሻ ነው። የሁለቱ ቀንዶች ሥር እየወፈረ መጥቶ በግንባሩ መሐል ይገናኛል። ስምንት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ የጋሻው መሐል ለስላሳ ነው፤ ጸጉርም ይታይበታል። ያ ኮርማ ገና መራባት በሚጀምርበት ወይም በጉልበቱ ባለበት ዕድሜ ላይ ነው። ያረጀው ግን ጋሻው እንደ ዋርካ ቅርፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የቀንዱ ጫፍ በልቶ ደንዝዟል፣ ጆሮው ተቀዳዷል፣ የፊቱ ጸጉር ሳስቷል፣ የዳሌው አጥንት ወጥቷል። ከመንጋው ተለይቶ ከሁለት ወይም ከሦስት እኩዮቹ ጋር ጭቃና ውኃ አጠገብ ይውላል።

ስህተቱ የሚመጣው ከሜትር ነው። ቀንድን ከጫፍ እስከ ጫፍ በስፋት ብቻ የሚለካ አዳኝ ሁልጊዜ በጉልበቱ ያለውን ኮርማ ይመርጣል፤ ምክንያቱም የእሱ ጫፍ ገና አላለቀም። ያረጀው ስፋቱ ቀንሷል፤ ለመንጋው ግን ማጣቱ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ «ግንባሩ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ኮርማ አይመታም» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ማረጋገጫውም ይጻፍ፦ ከአደኑ በኋላ የግንባሩ ፎቶ ከፊት ለፊትና ከላይ ይነሳ፣ የታችኛው መንጋጋም አይጣል። የመንጋጋ ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ አይቶ ባለሙያ ዕድሜውን መገመት ይችላል። መሪ አዳኙ ይህን መስመር አልፈርምም ካለ ስጦታውን አትቀበሉት። ስለ ጥበቃ ለማስተማር የሚሰበሰብ ገንዘብ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ኮርማ ሊመጣ አይገባም።

ለአሸናፊው የምትሰጡት መመሪያ ወረቀትም የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ ብዙ ገዢዎች ጎሽ አድነው አያውቁምና። በብዙ አገር ለጎሽ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የጥይት መጠን .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነው፤ የጥይቱ እርሳስ 300 ግሬይን፣ ማለትም 19 ግራም ያህል ይመዝናል። ተኩሱ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ነው፤ ቆመው ባለ ሦስት እግር መደገፊያ ላይ አሳርፈው ነው የሚተኩሱት። ስለዚህ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከመደገፊያው ላይ ይለማመድ። ሚዳቋና አጋዘን ያደነ ሰው ከትከሻው ኋላ ያነጣጥራል። በጎሽ ላይ ይህ ሆድ ማቁሰል ሊሆን ይችላል፤ ልቡና ሳንባው ወደ ፊት፣ በፊት እግሮቹ መካከል ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ጎን ለጎን ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትሎ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ማነጣጠር ነው። ሌላው ስህተት ከፍ አድርጎ መምታት ነው። የትከሻው ጉብታ ከሥሩ ረጃጅም የአከርካሪ አጥንት ስላለው ደረቱ ከእውነተኛው ይልቅ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ጥይቱም ከሳንባው በላይ ያልፋል።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ጊዜ ሰው የሚሞትበት ጊዜ ነው። የቆሰለ ጎሽ ጥቅጥቅ ወዳለ ቁጥቋጦ ይገባል፣ ዞሮም የራሱን ዱካ ይጠብቃል። መሪ አዳኙ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ የመጨረሻውን ረጅም ጩኸት ያዳምጣል፣ ከዚያ ይከተላል። ገዢውን ወደ ኋላ ቢያስቀረው ክርክር የለም፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ይስፈር። ወድቆ የተኛውን ጎሽ ከኋላ ቀርቦ በረጅም እንጨት ዓይኑን መንካት ነው፤ ዓይኑ ካርገበገበ ሌላ ጥይት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። ሥጋው እንዲበላ የሚፈልግ የመንደር ሰው እንስሳው ሳይሞት ለማረድ ቢላ ይዞ ይሮጣል። የሚያርደው ማን ነው፣ እስላም ነው ክርስቲያን፣ ጨርሶ ባይታረድስ ሥጋው ለማን ይሄዳል የሚለው ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ ይነገር፤ መሪ አዳኙ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይቀርብም ይስማሙ። ከአንድ ያረጀ ኮርማ ከ250 ኪሎ በላይ ሥጋ ይወጣል፤ ያ ሥጋ ቢበላሽ ወይም ለጥቂቶች ብቻ ቢከፋፈል የሚቀጥለው ዓመት ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ከዚያ መንደር መረጃ አያገኝም።

ስለ ሐራጁ ምሽት ብዙ አልልም። የድርጅቱን የታተመ ዋጋ ተቀብላችሁ መነሻውን ከሲሶ ጀምሩ፣ የማትሸጡበትን ዝቅተኛ ዋጋም በፖስታ አሽጉ። ተጫራቾች አሜሪካውያን ከሆኑ የታተመው ዋጋ በደረሰኙ ላይ ይግባላቸው፤ በሕጋቸው ከግብር የሚቀነስላቸው ከገበያ ዋጋው በላይ የከፈሉት ብቻ ነው። አሸናፊው በዚያው ምሽት ውሉን ይፈርም፤ የአገር ውስጥ ተጫራች ሲፒኦ ይዞ ይምጣ። የትምህርት ቤት ክበብ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ገንዘቡ በተመዘገበ ድርጅት በኩል ይግባ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ እኔ ግን የአዳራሹና የእራቱ ወጪ ከመግቢያ ትኬት እንዲሸፈን፣ ከአደኑ ሽያጭ ሳንቲም እንዳይነካ እመክራለሁ።

ገንዘቡ ሲገባ ለሦስት ዓመት አከፋፍሉት። በመጀመሪያው ዓመት በትልቅ ጉዞ የጨረሰ ክበብ በሁለተኛው ዓመት የለም። ከተማሪ በፊት መምህር ይሠልጥን፤ መምህሩ ካላወቀ ጉዞው ሽርሽር ይሆናል። የመጀመሪያው ትምህርት ቅርብ ነው፦ አራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተማሪው የቀንድና የጥርስን ልዩነት ቆሞ ያያል። ከዚያ አንድ የ45 ሰው ባስ ወደ መናገሻ ሱባ፤ ጉሬዛና ድኩላ በአንድ ቀን ይታያሉ። ለ45 ተማሪ 15 አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ይበቃል፣ 8 በ42 የሚባለው፣ 8 እጥፍ የሚያጎላው መጠን ለልጅ እጅ ይስማማል፤ ከዚህ በላይ የሚያጎላው ይንቀጠቀጥበታል። ከአንድ ቀን በላይ ማደር ከተቻለ አዋሽ ፓርክ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ጎሽ ራሱን ለማሳየት ግን በዳውሮና በኮንታ መካከል ያለው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህን ለሦስተኛው ዓመት፣ ለጥቂት ለበቁ ተማሪዎች አቆዩት።

ገንዘቡ ከጎሽ የመጣ ከሆነ ጎሽን አስተምሩበት። ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ ተማሪው በታሪክ ክፍል ሰምቷል፤ የከብት ደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) በምጽዋ በኩል ከመጣ ከብት ጋር ገብቶ አገሩን ከብት አልባ እንዳደረገ ግን ብዙው አያውቅም። በሽታው ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ አህጉሩ ጫፍ ሲደርስ ጎሹንም እንደ በሬው ፈጀው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። አንድ መምህር በዚህ ብቻ የከብት፣ የዱር እንስሳትና የሰው ኑሮ እንዴት እንደተሳሰረ አንድ ወር ማስተማር ይችላል።

ለአሸናፊው በየዓመቱ ሁለት ገጽ ሪፖርት ላኩለት፦ ስንት መምህር ሠለጠነ፣ ስንት ተማሪ የት ሄደ፣ ስንት ብር ወጣ፣ ስንት ቀረ። የጎሹ ዕድሜ በጥርሱ ስንት እንደተገመተ ደግሞ በዚያው ገጽ ይጻፍ፤ ከተጠበቀው በታች ሆኖ ከተገኘም አይደበቅ፣ ስጦታ ሰጪው ድርጅት በሚቀጥለው ሐራጅ አይጋበዝም። ገዢው አደኑን ለሌላ ዓመት ቢያዛውር ወይም ጎሽ ሳያገኝ ቢመለስ የትምህርት ጉዞው አይጠብቀውም፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለተማሪዎቹ ነውና ባሱን በቀጠሮው ዋዜማ አሳድሩት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይንቀሳቀስ።