መንጋጋዋ ረዝሞ ጥርሷ ለምን ገጠመ?
ሰላም እህቴ ከቱሉ ዲምቱ። «የልጄ መንጋጋ ወደ ታች እየረዘመ ነው ተባልኩ፤ ታዲያ የፊት ጥርሶቿ እንዴት ገጠሙ?» ብለሻል።

ጥርስ አንዴ በቅሎ ማደጉን አያቆምም። የታችኛው ጥርስ ከላይ ያለው ሲርቀው፣ የያዘውን አጥንት ይዞ ወደሱ ያድጋል። የላዩም እንደዚያው ወደ ታች ይወርዳል። ክፍተቱን የሸፈኑት እነሱ ናቸው። ግን ገደብ አላቸው። መንጋጋው ከቀደማቸው፣ ወይም ልጅቷ ጣት የምትጠባ ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ይቀራል።

እንዲህ ክፍተት ቢመጣና የፊት ጥርሶቿን በላስቲክ ይበልጥ እንሳብ ካሉሽ ግን ቆም በይ። ስትስቅ ድዷ በጣም ሊታይ ይችላል፤ ተመልሶ የመከፈት ዕድሉም አለ። የኋላ ጥርሶችን አጥንት ላይ በሚታሰሩ ትንንሽ ብሎኖች ወደ አጥንታቸው ውስጥ መግፋት ሌላ አማራጭ ነው። ከባድ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድገቷ ሲያበቃ ነው። ለማንኛውም መጀመሪያ የጭንቅላት የጎን ራጅ ትነሳ። የታክሲው ሰልፍ ቢያማርርም፣ ለዚህ መሃል ከተማ ወርዶ የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት ማየት ይሻላል።